ሐረጉ የበቀለበት ጥግ

ሆባርት ኔፒየር የዘመዶቹን መቃብር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያጭድና ሲጠርግ ኖሮ፣ በሰባ ስድስት ዓመቱ እዚያው መቃብር ደጃፍ ላይ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ተዘርሮ ተገኘ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። በማግስቱ የአበባ እሑድ ነበር። በዚያ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራራ ውስጥ የአበባ እሑድ ሲመጣ ዘመድ ከያለበት ተጠራርቶ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ በየመቃብሩ አበባ ያኖራል፣ ከዚያ የተጠበሰ ዶሮውንና የበቆሎ ዳቦውን ዘርግቶ ከሙታኑ ጎን ምሳውን ይበላል። ቅዳሜው የጽዳት ቀን ነው። ማጨጃና መጥረጊያ ይዘው የመጡት ሰዎች ግን ያን ዕለት አንዲት ሣር አላጨዱም።

ቨርና ስቲዳም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። የወረዳው ሕዝብ በድምፁ የመረጣት የአስከሬን መርማሪ ናት። ከዚያ በፊት ሠላሳ አምስት ዓመት በጤና ጣቢያው ነርስ ስለነበረች ዛሬም «ሲስተር» ነው የምትባለው። በዚያ ሸለቆ ውስጥ እሷ ገልጣ ያላየችው ጀርባ፣ እሷ ያልቀባችው ክንድ ብዙ የለም። ሰው ሲያወራት ዓይኑን ትታ ቆዳውን ነው የምታየው እያሉ ያሟታል፤ ሐሜቱ ሐሰት አልነበረም።

አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሆባርትን ክርን አጠፈችው፤ ያለ ችግር ታጠፈ።

«ከደረጃው ወድቆ ነው የሚመስለው» አለ ሸሪፍ ዶይል ፕሬተር፣ ባርኔጣውን አውልቆ እያራገበ። በልጅነቱ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ያስታመመችው ቨርና ናት። ስለዚህ ሽጉጥ ታጥቆም ቢሆን ፊቷ ሲቆም ትንሽ ያጎነብሳል።

«ደሙ የታለ ዶይል? ጭንቅላቱ ከኋላ እንዲህ ተከፍቶ፣ ድንጋዩ ላይ ጠብታ የለም።»

«ዝናብ አጥቦት...»

«ከረቡዕ ወዲህ አልዘነበም።» የሟቹን ጫማ ተረከዝ አሳየችው። ሁለቱም ጥቁር አፈር ይዘዋል። «ጎትተው ነው ያመጡት። ገላው ደርቆ ተመልሶ ላልቷል፤ ትናንት ማታ የሞተ ሰው እንዲህ አይሆንም። ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድም ነው።»

ከዚያ በወረንጦ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ የተጨፈለቀ ቅጠል ሳበች። ባንድ ዘንግ ላይ ሦስት ቅጠል ነው። ሸሪፉ ሳይታወቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በዚያ አገር የነካውን ቆዳ በሽፍታ የሚያሳብጠውን መርዘኛ ሐረግ የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ደረጃው አካባቢ ሐረግ የለም» አለች። «ያለው በሰሜን በኩል፣ ከግንቡ ጥግ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ!» የዶይል ፊት በራ። «ከሐረጉ ውስጥ የጎተተውን ሰው ቆዳው ይመሰክርበታል። ሪቫ ሁለት እጇ ሽፍታ ነው፤ በዚህ ሙቀት እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ ትደብቀዋለች። ደግሞ ዋሽታለች። ዓርብ ጠዋት ቁርሱን ሰጥቼው ወጣሁ አለችኝ። እርስዎ ደግሞ ሐሙስ ሞቷል ይላሉ።»

ሪቫ የሆባርት የወንድም ልጅ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በሱስ አስያዥ ክኒን ጦስ ሁለት ዓመት ታስራ በአመክሮ ከተፈታች አሥር ወሯ። የተፈታችውም ሆነ የስምንት ዓመት ልጇ ቲሊ የተመለሰችላት፣ በየቀኑ አጎቷን ልትጦር ቃል ገብታ ነው።

«የአመክሮ ኃላፊዋን ጠርቻለሁ፤ ቀትር ላይ ትደርሳለች» አለ ዶይል። «ካሰርኳት ሰኞ ወህኒ ትገባለች፣ ልጅቷን መንግሥት ይረከባታል። ደስ ብሎኝ አይደለም ሲስተር።»

«ሌላ ሽፍታ ያለበት ሰው የለም?»

ዶይል ጆሮውን አከከ። «እውነቱን ለመናገር... አለ። ክሎቪስም አለበት፤ ዌንደል ሆስኪንስም አለበት። የነሱ ግን ምክንያት አለው።»

«እስቲ ምክንያታቸውን ልየው» አለችና ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች። «ሽፍታ ሁሉ ባንድ ስም አይጠራም።»

ክሎቪስ ኔፒየር የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የሪቫም አባት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ትከሻው ግን አሁንም ሰፊ ነው። ከጥዱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለት ክንዱን የራሱ ያልሆኑ ይመስል ከገላው አርቆ ዘርግቷቸዋል። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ቆዳው ቀልቶ አብጧል። በጭረት በጭረት የተሰለፉት እብጠቶች ውሃ ቋጥረው፣ ገሚሶቹ ፈርጠው ይንጠባጠባሉ።

«አስከሬኑን ያገኘኸው አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ ሲስተር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ሰው ሳይመጣ ጥጌን ላጸዳ ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። ታውቂ የለ፣ የሰሜኑ ጥግ የኔ ነው።»

ታውቃለች። አገሩ በሙሉ ያውቃል። በየዓመቱ በጽዳት ቀን ሁሉም የየወላጁን መቃብር ሲይዝ፣ ሐረጉ የወረረውን ባዶ ጥግ የሚደፍረው የለም። «እሱን ለኔ ተዉት» ይላል ክሎቪስ፤ የቆዳ ጓንቱን አጥልቆ ይገባና ዳር ዳሩን ከርክሞ ይወጣል። በዚህም ሲመሰገን ኖሯል።

«ዛሬ ጓንትህስ?»

«ረሳሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆረጥኩ ደረጃው ጋ የሰው እግር አየሁ...» ዓይኑን በትከሻው ጠረገ። «ወንድሜ ነው እኮ ሲስተር።»

«ክንድህ መቼ ጀመረህ?»

«አሁን ነዋ! እንደ ሳማ አይደል እንዴ? ነክተሽው ዘወር ሳትዪ ይለበልብሻል።»

«ከዛሬ በፊት ኮረብታው ላይ የወጣኸው መቼ ነው?»

«ያምናው የአበባ እሑድ። ምን ልሠራ እወጣለሁ?»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ጉልበቴን አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ፣ ተኝቼ አመሸሁ።»

ቨርና ክንዱን ሳትነካ ከወዲህም ከወዲያም አየችው። «አታፍርጠው። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ በቀን ሦስት አራቴ አድርግበት። ካልቀለለህ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልግሃል።»

ልትሄድ ስትል ጠራት። «ሲስተር... ሸሪፉ የሚለውን ሰምቻለሁ። ልጄ ናት፣ አንጀቴ አይችልም። ግን ምን ላድርግ? እናቷም እንዲሁ ነበረች። የአምስት ዓመት ሕፃን ጥላ፣ ቀይ ካፖርቷን ለብሳ ኦሃዮ የገባች እናት ልጅ፣ ጥሩ ደም ከየት ታመጣለች?»

ቨርና ቦርሳዋን አንሥታ መንገዷን ቀጠለች። የሪቫን እናት፣ ኢሞጂንን ታስታውሳታለች። ሣቂታ ሴት ነበረች፤ አንገቷ ላይ ጭርት ወጥቶባት ቅባት ሰጥታት፣ በሳምንቱ ተመለሺ ብላት፣ ሳትመለስ ቀረች። ያኔ ሰው ሁሉ «ባሏን ጥላ ኮበለለች» ሲል ቨርናም አብራ ብላ ነበር። ይህን ስታስብ አሁንም ታፍራለች።

ዌንደል ሆስኪንስ መኪናው ላይ ተደግፎ ነበር። ከሆባርት ጋር በአጥር ምክንያት አራት ዓመት ሲነታረክ የከረመ ጎረቤት ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ደግሞ እኔን ልትመረምሪኝ ነው? ሰውዬውን አልወደውም ነበር፤ ሞቶም አልወደድኩትም። ግን አልገደልኩትም።»

«እጅህን አምጣ።»

በቀኝ እጁ፣ ከአውራ ጣቱና ከሌባ ጣቱ መሀል ቆዳው ጠቆር ብሎ ቀልቷል። ከዚያ አንድ ነገር የፈሰሰበት ይመስል ቀጭን መስመር ሠርቶ ወደ ክርኑ ይወርዳል።

«ያሳክክሃል?»

«አያሳክከኝም። ያቃጥለኛል። ፍም የጨበጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ሐሙስ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ለነገው መጠጥ ሎሚ ስጨምቅ! ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተው፣ ሁለት ሣጥን ሙሉ አሸክመውኝ። ሴቶቹ ጥላ ውስጥ ኬካቸውን ይጋግራሉ፣ እኔ ፀሐይ ላይ እጠበሳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስኪመሽ የመዝሙር ልምምድ ነበር። ባልሽ አጠገቤ ቆሞ ሲጮህ አመሸ፣ ጠይቂው። ድምፁ እንደሆነ ዘንድሮም አልተቃናም።»

ቨርና ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እጅህን ከፀሐይ ሸፍነው። ጥቂት ወራት ጠቁሮ ይቆይ ይሆናል፤ ይለቃል። ሁለተኛ ሎሚ ከጨመቅህ በሳሙና ታጥበህ ነው ፀሐይ የምትወጣው።»

ሪቫ ከኮረብታው ሥር፣ የሸሪፉ መኪና ኋላ ወንበር ላይ ቲሊን አቅፋ ተቀምጣለች። እጅ ሰንሰለት ገና አልገባላትም፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ቨርና አስከፍታ አጠገቧ ገባች። ትንሿ ልጅ ጣቶቿን እርስ በርስ እያፋተገች ነው። አንዴ ወገቧን፣ አንዴ የእጅ አንጓዋን ታካለች፣ እናቷ በቀስታ እጇን ትይዛታለች።

«ሪቫ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«አልሰበስብም።»

«ዓርብ አጎትሽ ቤት አልሄድሽም።»

ሪቫ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ልጄ፣ ሐሙስ ማታ የሞተን ሰው ዓርብ ጠዋት ቁርስ አላበላሽውም። ወይ ገድለሽዋል፣ ወይ ሌላ ነገር እየደበቅሽ ነው። እኔ ሌላ ነገር ነው የምለው። እጅሽን ስጪኝ።»

ሪቫ እጇን ዘረጋችላት። ቨርና ከቦርሳዋ አጉሊ መነጽር አውጥታ በጣቶቿ መሀል ያለውን ቆዳ አየች። በነጠላ ክር የተሰፋ የሚመስል አጭር ግራጫ መስመር፣ በጫፉ አንዲት ነጥብ። አንጓዋ ላይም እንዲሁ፤ የቲሊም እጅ ላይ እንዲሁ።

«ሌሊት ይብስባችኋል፤ አይደል?»

ሪቫ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እንቅልፍ ካየን ሁለት ሳምንት ሆነን። ዓርብ ትምህርት ቤት ሳልልካት፣ እኔም ሳልሄድ በራችንን ዘግተን ዋልን። ለአጎቴ ደግሞ እንዳላጋባበት ፈራሁ...»

«እከክ ነው። ወንጀል አይደለም።»

«ለእርስዎ አይደለም ሲስተር! ለአመክሮ ሰዎቹ ነው። ባለፈው ወር ቤቴን ሊያዩ መጥተው ፍራሼን ሳይቀር ገልብጠው አዩ። ልጇን እከክ አስያዘች ቢሉኝስ? ይወስዱብኛል።» ቲሊን አጥብቃ ያዘች። «እኔን እናቴ በአምስት ዓመቴ ጥላኝ ሄዳለች። እድሜዬን በሙሉ ስረግማት ኖሬያለሁ። ቲሊ እኔን እንደዚያ እንድትረግመኝ አልፈልግም።»

አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ ነገር ነበር፤ ሳታስበው ጨበጠችው። ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ነው፣ በጽጌረዳ አምሳል የተቀረጸ።

«የእሷ ነው?»

«ሕፃን ሆኜ ከቀይ ካፖርቷ የነቀልኩት። ስንት ጊዜ ልወረውረው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።»

ቨርና አጉሊ መነጽሯን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከዚያ የመድኃኒቱን ነገር ነገረቻት። ዛሬ ማታ ሁለቱም ከአንገት እስከ እግር ጣት ይቀቡታል፣ አድሮ ይታጠባሉ፤ አንሶላና ልብሱ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ በሳምንቱ እንደገና ይቀባሉ። ሪቫ በእንባዋ መሀል ራሷን ነቀነቀች። መኪና ውስጥ የተቆለፈባት ሴት ማታ ቤቷ እንደምታድር ያህል ሲነገራት ምን እንደሚሰማት ቨርና አላጣችውም።

«ቀትር ላይ የሰው ሁሉ ፊት እጅሽን አሳዪኝ ብልሽ ታሳዪኛለሽ?»

ሪቫ እጅጌዋን መልሳ ጎተተች። ቲሊ ግን የራሷን ትንሽ እጅ ዘረጋች።

ከዚያ ቨርና ብቻዋን ወደ ሰሜኑ ጥግ ሄደች። ሐረጉ ግንቡን አልፎ ወጥቷል፤ ከግንቡ ሥር ደግሞ የተቆረጠው ተከምሯል። ረዥም እንጨት አንሥታ ክምሩን ገለጥ አደረገች። ቅጠሎቹ ዳርዳራቸው ጠቁሮ ተጨማድደዋል፤ ስትነካቸው እንደ ደረቀ ወረቀት ተንኮሻኮሹ። ከሥራቸው አፈሩ የላላ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ የጠቆረ ደም ደርቋል።

ወደ ዶይል ተመለሰችና ሁለት ሰው አካፋ ይዞ፣ ጓንትና ረዥም እጅጌ ለብሶ እንዲቆፍር አዘዘች።

«ምን ፍለጋ?» አለ ዶይል።

«አላውቅም። ክሎቪስ ግን ያውቃል።»

ቀጥላ ጤና ጣቢያውን አሁን ለያዘችው ነርስ ደውላ፣ ቅዳሜ ቢሆንም ሄዳ አንድ የቆየ ካርድ እንድታነብላት ለመነቻት። ካርዱ ሲነበብላት ቀኖቹን እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች።

ቀትር ላይ ሁሉም ለነገ ምሳ ከተሠራው ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ክሎቪስ በረዥሙ ጠረጴዛ አንድ ጫፍ፣ ዌንደል በሌላው፣ ሪቫና ቲሊ መሀል ተቀመጡ። የአመክሮ ኃላፊዋ ማኅደሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ ደግም ክፉም አይነበብበትም። ከግንቡ ወዲያ የአካፋ ድምፅ ይሰማል፤ ክሎቪስ በየድምፁ አንገቱን ያዞራል።

«ሸሪፍ ዶይል ልክ ነው» አለች ቨርና። «ሆባርት የተገደለው ሐረጉ ውስጥ ነው። ገዳዩ ጎትቶ ደረጃው ሥር አስተኛው፣ ወድቆ ሞተ እንድንል። ስለዚህ ሦስቱን ሽፍታ እንይ። ዌንደል፣ እጅህን።»

«ዘፈን ልጀምር ወይስ እጄን ብቻ?» አለ ዌንደል፤ የሣቀለት የለም።

«ይኸ ሐረግ አይደለም። ሐረግ ያሳክካል፣ ይኸ ያቃጥላል። የሎሚ ውሃ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል። መስመሩን እዩት፤ ጭማቂው የወረደበት መንገድ ነው። ሐሙስ ቀኑን ፀሐይ ላይ፣ ማታውን ሠላሳ ሰው መሀል ነበረ።» ወደ ሪቫ ዞረች። «ሪቫ?»

ሪቫ የአመክሮ ኃላፊዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«እከክ ነው» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ እንጂ አልተቆረጠም። «ልጄም ይዟታል። ዓርብ አጎቴ ቤት አልሄድኩም። ዋሽቻለሁ።»

«እከክ ሀብታም ደሃ አይልም» አለች ቨርና ለኃላፊዋ። «ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ከሆስፒታል ይመጣል። እኔን በሥራዬ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሐረግ ውሃ ቋጥሮ በጭረት ይወጣል፤ ይኸ በጣት መሀል ጎድጉዶ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ዛሬ ይቀቡታል። ይህን መዝግቢልኝ።»

ሴትዮዋ ማኅደሯን ከፈተች። ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች ግን አልተናገረችም።

«እንግዲህ እኔ ቀረሁ» አለ ክሎቪስ ሊሥቅ እየሞከረ። «የኔንማ ነግሬሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘኝ።»

«እዚህ ሁሉም ሰው ሐረጉ እንደ ሳማ ወዲያው የሚለበልብ ይመስለዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ብናገር የሰማኝ የለም። ሳማ ወዲያው ነው፤ ሐረግ ግን አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይቆያል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የነካ ሰው ሁለት ሰዓት ላይ ምንም የለበትም። አንተ ሁለት ሰዓት ላይ ክንድህ ይንጠባጠብ ነበር።»

«የሰው ገላ ይለያያል!»

«ይለያያል። ለዚህ ነው ያንተኑ ገላ የጠየቅሁት።» እጇ ላይ የጻፈችውን አየች። «በየዓመቱ ቅዳሜ ጥግህን ትከረክማለህ። እሑድ ክንድህ ንጹሕ ሆኖ ዶሮህን ትበላለህ። በዚያው ሳምንት ወደ እኔ ትመጣለህ። ካርድህ ላይ አሥራ ሰባት ጊዜ ተጽፏል፤ አሥራ አራቱ ሰኞ፣ ሦስቱ ማክሰኞ። አንድም ጊዜ ቅዳሜ የለም፤ አንድም ጊዜ እሑድ የለም። ያንተ ቆዳ ሁለት ቀን ግድም ነው የሚፈልገው ክሎቪስ። ከዛሬ ጠዋት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቁጠር።»

የቆጠሩት ሁሉም ናቸው። ሐሙስ ማታ ላይ ደረሱ።

«ዛሬ ቆረጥኩት ያልከውም ቅጠል ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ከኮረብታው ካምና ወዲህ አልወጣሁም ብለኸኛል። እሺ፣ ሐሙስ ወጥቼ ነበር በለኝ። ለምን ደበቅከኝ?»

ክሎቪስ አፉን ከፈተ። ከግንቡ ወዲያ የአካፋው ድምፅ ቆመ።

«ሸሪፍ!» አለ አንዱ ቆፋሪ። «ሸሪፍ፣ እዚህ ይምጡ። ሰው አለ።»

ዶይል ወደ ግንቡ ሮጠ። ክሎቪስ ሊነሣ ሞክሮ መልሶ ተቀመጠ። ዶይል ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ በመሐረብ ላይ የያዘውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የበሰበሰ ቀይ ጨርቅና አፈር የበላቸው ሦስት ትልልቅ ቁልፎች ናቸው። ቨርና አንዱን በጨርቅ ጠረገችው። ጽጌረዳ ነው።

ሪቫ ከአንገቷ ክሩን አወለቀች። ማንም ሳይነግራት አራተኛውን ከሦስቱ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ አባቷን አየችው።

«ሆባርት እድሜዬ ገፋ፣ ለራሴ መቃብር ቦታ እፈልጋለሁ አለኝ» አለ ክሎቪስ ለጠረጴዛው። «ሌላው ሁሉ ሞልቷል፣ ጥግህን ስጠኝ፣ ሐረጉን እኔው እነቅለዋለሁ አለ። እምቢ ብለው አልሰማኝም። ስደርስ ያን ጨርቅ ይዞ ቆሞ ነበር። ምን አደረግክ እንኳ አላለኝም። የኢሞጂንን ስም ብቻ ጠራ።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት» አለች ቨርና፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ሐረጉን እያሳደግህ፣ እኛ ስናመሰግንህ! ዛሬ ደግሞ ልጅህን መኪና ውስጥ አስቆልፈህ ጥላ ሥር ተቀመጥህ።»

«ልትሄድ ነበር እኮ» አለ ክሎቪስ። «ያ እውነት ነው። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። ሪቫን ይዛ ልትሄድብኝ ነበር።»

ሪቫ ይህን ስትሰማ ጎንበስ አለች። ቲሊ አንገቷን አቀፈቻት። ዶይል ለእሷ ያመጣውን ሰንሰለት ከወገቡ ፈትቶ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ። ካበጠው አንጓ በላይ ሊያስገባው ቸገረውና ቨርና ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ለክሎቪስ አዝና አይደለም፤ እጇ የለመደው ሥራ ነው።

የአመክሮ ኃላፊዋ ስትሄድ ሪቫ ዘንድ ቆም አለች። «በሳምንቱ የምትደግሙትን ቅባት አትርሺ» አለቻት። «መጥቼ አያለሁ። ፍራሽ አልገለብጥም።»

እሑድ ዘመዱ ሁሉ መጣ። ዶሮው አልተበላም ማለት ይቻላል፤ መዝሙሩ ግን ተዘመረ፣ ዌንደልም የቨርና ባልም በየድምፃቸው ጮኹ። የሰሜኑ ጥግ ሐረጉ ተመንጥሮ ባዶ ነበር። አፅሙን ለምርመራ ወስደውት የቀረው የተቆፈረ አፈር ብቻ ነው።

ሪቫና ቲሊ ቅባቱን ታጥበው፣ በፈላ ውሃ የታጠበ ልብስ ለብሰው መጡ። ሁለቱም ሌሊቱን ከወትሮው ሻል ያለ እንቅልፍ ተኝተዋል። ሪቫ ለአጎቷ ያዘጋጀችውን አበባ ለሁለት ከፈለችው። ገሚሱን ከግንቡ ውጪ፣ አዲሱ የሆባርት ጉድጓድ የሚቆፈርበት ምልክት ላይ አኖረች፣ ገሚሱን ይዛ ወደ ጥጉ ሄደች። ቨርና «አፈሩን እንዳትነኪ» ብላ ጓንት አጠለቀችላት።

«ይኸ የማን ነው?» አለች ቲሊ።

«የእናቴ።»

ልጅቷ አፈሩን አየች፣ ከዚያ ከኮረብታው ሥር የሚታየውን የራሳቸውን ቤት ጣሪያ አየች።

«ጥላሽ ሄደች ብለሽኝ አልነበረም እንዴ? የት ሄዳ ነው?»

ሪቫ አበባውን አስቀመጠች።

«የትም አልሄደችም» አለች።